አንድ ቀን ያልቀረው ተማሪ

ይድረስ ለውድ አባቴ ለመሪጌታ ፍቅረ ሥላሴ፤ ቢቸና።

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ ቅዳሴ ያስቆምዎታል? እማዬንስ ያ ክፉ ሳል ለቀቃት? እኔ ሞጣ በጤና አለሁ፤ ልቤ ግን ደህና አይደለም። ስልክ በደንብ ስለማይሰማዎት በወረቀት ልንገርዎ ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ዘንድሮ የማስተምረው በኢንተርኔት ነው። አራት መቶ ሃያ ተማሪ አለኝ፤ የአንዱንም ፊት አላውቅም። መስመሩ እንዳይጨናነቅ ሁሉም ካሜራውን ይዘጋል፤ የሚታየኝ ስም ብቻ ነው። እርስዎ ደቀ መዛሙርትዎን በድምፃቸው ሲለዩ እያየሁ ስላደግሁ፣ ቢያንስ በየክፍለ ጊዜው ሠላሳ ሠላሳ ስም እጠራለሁ። እነሱም «አለሁ» ብለው ይጽፉልኛል።

ሀብተ ሥላሴ የሚባለው አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም። ግንቦት ላይ ሰነፎቹን ስቆጣ፣ እንደ ሀብተ ሥላሴ ሁኑ ብዬ በሁሉም ፊት አመሰገንኩት። በዚያው ሳምንት ዩኒቨርሲቲው በዚህ አሠራር ረክታችኋል ወይ ብሎ መጠይቅ ቢልክልን፣ «በጣም ረክቻለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። የጎረቤታችን የእትዬ ፈንታነሽ ልጅ ሀብተ ሥላሴ በወባ ማረፉን፣ አርባውም መውጣቱን ጽፈውልኛል። እኔ ከቤት ስወጣ ገና ጡት ያልተወ ልጅ ነበር፤ ተማሪዬ ይሆናል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ዝርዝሩን ከፍቼ የአባቱን ስም ሳየው ራሱ ነው።

በመዝገቡ ላይ ወዳለው ስልክ ደወልኩ። ያነሣችው እህቱ አርሴማ ናት። እሱ ካረፈ ወዲህ በስልኩ የምትገባው፣ «አለሁ» እያለች የምትጽፈውም እሷው ነበረች። እናቷም የልጃቸው ስም ሲጠራ ለመስማት፣ የትኛው ቀን እንደሚጠራ ስለማያውቁ፣ ሁልጊዜ አጠገቧ ቁጭ ይላሉ። ያመሰገንኩት ዕለት ሲያለቅሱ ዋሉ አለችኝ። መምህር፣ እባክዎ ስሙን አያጥፉብን ብላ ለመነችኝ።

ትናንት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ነበር። ተራው ባይሆንም ስሙን ጠራሁ። ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የኖረው ማይክ ተከፈተና የእትዬ ፈንታነሽ ድምፅ «አቤት» አለ። ቀጣዩን ስም መጥራት አቃተኝ፤ ሳላስተምር በተንኳቸው።

ዛሬ ጠዋት ስሙን ከዝርዝሩ ሰረዝኩ። ለሞተ ልጅ ውጤት መስጠት አልችልም፤ ለአርሴማ መንገር ግን ፈራሁ።

ለእማዬ፣ ለእህቴ ለአምሳለች፣ ለትንሹ ስጦታው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እትዬ ፈንታነሽ ቤት ግን እርስዎ ራስዎ ይሂዱልኝ። ከእንግዲህ ልጃቸውን የሚጠራው እንደሌለ ከእርስዎ አፍ ይስሙት።

ልጅዎ ባዘዘው
ሞጣ፣ ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.