ከአሮጌ ልብሶቻችን የተሰፋው አልጋ ልብስ

ውድ ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የምሥራች፤ እማዬ አልጋ ልብሱን ጨረሰችው! የአሮጌ ልብሶቻችንን ቁርጥራጭ ገጣጥማ፣ በእጇ ሰፍታ ሰፈሩን ጉድ አሰኘችው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ገልብጦ አየውና፣ "እትዬ፣ እንግዲህ የስፌት መኪናዬን ልሽጠው?" ቢላት፣ "ሽጠው፤ እኔ አለሁልህ" ብላ በሳቅ ገደለችን።

የዘንድሮውን የብርቱካን ማርማላታ ግን አባዬ ነው የሠራው። እማዬ መርሳቱ ስለበረታባት ከእሳት ራቅ ብትል ይሻላል ብለን ነው። የጠርሙሶቹ ክዳን ሁሉ ጥብቅ ብሎ ስለገጠመለት ጉራው አላስቀመጠንም።

ትናንት እማዬ አልጋ ልብሱን ዘርግታ፣ ቁራጮቹን በጣቷ እየነካች የማን እንደነበሩ ነገረችን፤ የአባዬ የሥራ ሸሚዝ፣ የእኔ የትምህርት ቤት ቀሚስ። ያንተ ሰማያዊ ሱሪ ላይ ስትደርስ የማን እንደሆነ ጠፍቷት ጨርቁን መላልሳ ዳበሰችው። አባዬ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። ከዚያ የተጣፈውን ቦታ በጣቷ አግኝታ፣ "ይሄማ አጥር ሲዘል የቀደደው ነው፤ ስንቴ ጣፍኩለት!" አለች።

"ማን?" አላት አባዬ ቀስ ብሎ።

"ስሙን ተወው፤ ልጄ ነው!"

እኔና አባዬ ተቃቅፈን እልል አልን።

እረፍትህን ለከርሞ አታሳድረው፤ ዘንድሮ ና። አልጋ ልብሱን በገዛ እጇ ልታለብስህ ትፈልጋለች። ሁለቱም አገላብጠው ይስሙሃል። ሰላምህ ይብዛ።

እህትህ