የሸቤ ባቡር ጭነት

ኦሊያድ፣
ለሥራ ደዶ ሄጃለሁ፤ እሁድ እመለሳለሁ። ቁልፉ ጎረቤታችን ትርፌ ጋ ነው።

በካርቶን የሠራሃት የሸቤ ባቡር ጣቢያ ቆንጆ ናት። የመጋዘኑ በር ግን ልክ አይደለም። በዚህ መጠን አንድ ፍሬ ቡና አንድ ጆንያ ነው ያልከኝ አንተው ነህ። በሩ ላይ አንድ ፍሬ አቁሜ ለካሁት፤ ቁመቱ ከጆንያው እኩል ነው። ታዲያ የተሸከመው ሰውዬ ተንበርክኮ ሊገባ ነው? እንደገና ቁረጠው አቦ።

ጠረጴዛውን በሐዲድ ከሞላኸው ወር አለፈው። ሳህኔን ጭኔ ላይ አድርጌ ስበላ ምንም አላልኩም።

ዛሬ ጠዋት ግን ቤት ውስጥ ቡና ጠፋ።
የነበረው ባቡሩ ላይ ብቻ ነው።

ፉርጎዎቹን ስታይ እንዳትጮህ። ሦስት ጆንያ ትቼልሃለሁ፤ ለአንድ ሲኒ ባይበቃም ለባቡር አያንስም።

ዘርሁን