ስድስት መቶ ደንበኛ ያስገኘልኝ ካውንቲ

ለክቡር የዌልቦርን ካውንቲ የኢኮኖሚ ልማት ቢሮ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በዚያ ሰፊ ቢሮዎ ውስጥ፣ ከማይጠወልገው ፈገግታዎ ጋር እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎ፣ በመስኮትዎ ለሚታየው የበቆሎ ማሳም ሁሉ ደኅንነትን እየተመኘሁ፣ እኛ በዚህ በኧርቪንግ፣ ቴክሳስ የምንገኘው ደህና መሆናችንን፣ ቁጥራችን ግን ከተለያየን ወዲህ በቢሮዎ መልካም ፈቃድ መጨመሩን በትሕትና እገልጻለሁ። የእንግሊዝኛውን ቅጂ በፖስታ ልኬልዎታለሁ። ይህንን በአማርኛ በጋዜጣችን ላይ ያወጣሁት ስለ ካውንቲዎ ለደንበኞቼ ሁሉ ያወራሁት እኔው ስለሆንኩ፣ ማስተባበሉም የሚገባው ለእኔው ስለሆነ ነው።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ፣ ከፍያለው እባላለሁ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድና የታሸገ እንጀራ የምሸጥባት አንዲት ሱቅ አለችኝ። የቀኑን ውሎ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ በዕለቱ የጻፍኩትን አመሳክሬ እንጂ በንዴት ያወጣሁት እንዳልሆነ ይረዱልኝ። ባለፈው ኦገስት የሱቄ ውል ሊያልቅ ሲል አከራዬ ዋጋውን ሰማይ ሰቀለውና ሌላ ቦታ ማፈላለግ ጀመርኩ። ቢሮዎ ያዘጋጀው «የካውንቲው የኢኮኖሚና የሕዝብ ገጽታ» የተባለው ወረቀት ከኢንተርኔት ላይ የተገኘልኝ ያኔ ነው። ማኅተም አለው፤ ባለ ቀለም ሠንጠረዥ አለው፤ ሽፋኑ ላይ የምትስቅ ላም አለች። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል።

ምስጋናዬን ከማቅረቤ በፊት ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር ለይቼ ላስቀምጥ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩. ስለ ሕዝብ ዕድገት። በዙሪያችሁ ያሉትን ካውንቲዎች ሰው እየጣላቸው ሲሄድ የእናንተው ብቻ ማደጉን ወረቀትዎ በኩራት ይናገራል። ያደገውም በወሊድ አይደለም። ከስድስት መቶ በላይ ወንዶች፣ ዕድሜያቸው ከሃያ እስከ አርባ አምስት፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ሚስትና ልጅ አብሯቸው የሌለ፣ የሚኖሩትም በቤተሰብ ሳይሆን በጋራ መኖሪያ። ክቡር ሆይ፣ ይህንን ሌላ ሰው ቢያነበው ምን እንደሚገምት አላውቅም። እኛ ግን በዲቪ መጥተን፣ በአንድ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ስድስት ሆነን ገብተን፣ የቀን ፈረቃውና የሌሊት ፈረቃው በአንድ ፍራሽ የተቀባበልን ሰዎች ነን። የኤርፖርት ሹትል የሚነዳው ወዳጄ ገመቹ ሱቄ ውስጥ ቆሞ ሠንጠረዡን ካየ በኋላ፣ ወንድ ብቻ፣ ወጣት፣ ሚስት የሌለው፣ አንድ ላይ የታጨቀ፣ በዚያ ላይ የሥጋ ፋብሪካ ባለበት ከተማ፣ ይህ ሐበሻ ካልሆነ ማን ሊሆን ነው ብሎ ፈረደ። እኔም ነገሩን ከሁሉም በኩል አየሁት። ስድስት መቶ ወንደላጤ፤ ወጥ መሥራት የማይችል፤ ሽሮ ያማረው፤ በአካባቢው አንድም የእኛ ሱቅ የሌለው። ነጋዴ ሆኖ ይህን አንብቦ ልቡ ያልዘለለ ካለ ንግዱን ትቶ ሌላ ሥራ ይፈልግ።

፪. ስለ ቤት ዋጋና ወደ ሥራ ስለሚወስደው ጊዜ። እንየው እዚሁ አጠገባችን በሌዊስቪል መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚጭን ወዳጄ ነው። ባለቤቱ ዓለምጌጥ በዚያን ጊዜ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የቤት ዋጋ የተዘረዘረበትን ገጽ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። እነርሱ ለአንዲት ክፍል በሚከፍሉት ገንዘብ በእናንተ ዘንድ ጓሮ ያለው ሙሉ ቤት እንደሚገኝ፣ ሰው ወደ ሥራው ለመድረስ በአማካይ አሥራ አንድ ደቂቃ ብቻ እንደሚፈጅበት ሲሰሙ፣ እንየው እኔ ሄጄ አይቼ እስክመለስ እንኳ አልታገሠም። የመንግሥት ወረቀት ከሆነ ደግሞ ምን ይታያል አለና ለአፓርትመንቱ ቢሮ የመልቀቂያ ኖቲስ አስገባ። ቤቱ ወዲያው ለሌላ ተከራይ ተሰጠ፤ እነርሱም በወሩ መጨረሻ መውጣት ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ ያ ሕፃን ተወልዶ የሚገባበት ቤት በእርስዎ ሠንጠረዥ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ ማለት ነው።

፫. ስለ መስተንግዶዎ። ቫኔን በሽሮ፣ በበርበሬና በገብስ ቆሎ ሞልቼ፣ ኦክላሆማንና ካንሳስን አቋርጬ ዓርብ ጠዋት ቢሮዎ ስደርስ፣ ተነሥተው እጄን በሁለት እጅዎ ይዘው ስለተቀበሉኝ አሁንም አመሰግናለሁ። ዋናውን መንገድ በእግር አሳዩኝ። ከሱቆቹ የሚበዙት ባዶ ስለነበሩ የፈለግኩትን እንድመርጥ ፈቀዱልኝ፤ እኔም ድሮ ጫማ ይሸጥባት የነበረችውን የማዕዘን ሱቅ ወደድኳት። የሥጋ ፋብሪካውን ባሳዩኝ ጊዜ በመኪና ማቆሚያው ላይ የበቀለው ሣር ጉልበቴ ድረስ ነበር። ከተዘጋ ዓመት አልፎት እንደሆነ በትሕትና ስጠይቅዎ፣ በሽግግር ላይ እንዳለ በትሕትና መለሱልኝ። መንገድ ላይ ያገኘኋቸው ሰዎች በሙሉ ፀጉራቸው የሸበተ ስለነበር፣ እነዚያ ስድስት መቶ ወጣቶች ታዲያ የት እንዳሉ ጠየቅሁ። ያኔ የተናገሩትን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

«ከከተማው በስተሰሜን ትንሽ ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት፤ እስከ ዛሬ ምንም ችግር ፈጥረውብን አያውቁም።»

እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው ብዬ ተደነቅሁ።

፬. በስተሰሜን ትንሽ ወጣ ስላለው ሰፈር። ቅዳሜ ጠዋት በጠቆሙኝ መንገድ ነዳሁ። ከሩቅ ረጅም አጥርና ከፍ ያሉ መብራቶች ሳይ፣ አዲሱ ፋብሪካ ይህ መሆን አለበት፣ ሠራተኞቹንም እዚያው አስጠግተዋቸዋል ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ማንን ልጠይቅ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። እኔም ደንበኞቼን ማዳላት ስላልፈለግኩ «ሁሉንም» አልኩት።

ክቡር ሆይ፣ ያ ዘበኛ በሥራው ላይ እንደዚያ ስቆ እንደማያውቅ እርግጠኛ ነኝ። እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ፣ ይህ የስቴቱ እስር ቤት መሆኑን፣ ስድስት መቶዎቹም ሌላ ከተማ ተፈርዶባቸው እዚህ የመጡ እስረኞች መሆናቸውን፣ የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ሰውን የሚመዘግበው በሚያድርበት ቦታ መሆኑን አስረዳኝ። የእርስዎ ካውንቲ ያደገው በቁልፍ ነው ለካ። ስድስት መቶ ደንበኞቼ በርግጥ እዚያው ነበሩ፤ ሱቅ ድረስ መምጣቱ ላይ ነው ትንሽ የሚቸገሩት።

እንግዲህ ቫኔን አዙሬ ልሄድ ስል፣ ከስቴቱ ትልቁ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ ሲጓዝ ያደረ አውቶቡስ ልጆቻቸውንና ባሎቻቸውን ሊጠይቁ የመጡ ሴቶች አራገፈ። ተራ እስኪደርሳቸው ብዙ ይጠብቃሉ፤ የሚበሉት ደግሞ ሳንቲም እየጎረሰ ብስኩት ከሚተፋው ማሽን በቀር የለም። ነጋዴ ነኝና የቫኑን በር ከፈትኩ። ቆሎው አለቀ። ባለቤቴ ሙሉወርቅ ለመንገድ የቋጠረችልኝን የቋንጣ ፍርፍርም ሳይቀር ተካፈልነው፤ ለእርሱ ገንዘብ አልተቀበልኩም። ሚስ ኧርማ የሚባሉ አንዲት እናት እያላባቸው ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ። ወረቀትዎን ከኪሴ አውጥቼ ባሳየኋቸው ጊዜ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት፤ ከዚያም አጣጥፈው መለሱልኝና «እኔ ቤት የልጄ አልጋ እንደተነጠፈ ነው፤ እነዚህ ደግሞ ማንን ጠይቀው ነው የቆጠሩብኝ?» አሉኝ። ጥያቄው ለእርስዎ የሚገባ ስለመሰለኝ እነሆ አድርሻለሁ።

በካውንቲዎ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ከእኔ የገዛ ሰው በእስር ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ብቻ እንደተገኘ፣ ከእነርሱም አንዳቸውም በወረቀትዎ ላይ እንደሌሉ በዚህ አጋጣሚ ላሳውቅዎ እወዳለሁ።

፭. ሥራ አጥነት ዝቅተኛ ነው ያሉት እውነት ነው። የታሰረ ሰው ሥራ አይፈልግምና።

፮. ስለ ስልኩ። ከዚያው ሆኜ ወደ ሌዊስቪል ደወልኩ፤ ያነሣችው ዓለምጌጥ ነበረች። ነገሩን እያለሳለስኩ፣ ከዳር ከዳር እየጀመርኩ ስነግራት እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ጋሼ ከፍያለው፣ ታዲያ እኛ ኖቲስ የሰጠነው እስር ቤት ለመግባት ነው?» አለችኝ። ቀጥላም «ለነገሩ ኪራይ አይጠይቁም» አለች።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ እየቀጠነ ሄደና ስልኩን ለእንየው ሰጠችው። እርሱም ገና በመጋዘኑ ሥራውን አለመልቀቁን ነገረኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ ወደ እኔ ቤት እንዲገቡ ነገርኩት። ለሙሉወርቅ የነገርኳት ኦክላሆማ ከደረስኩ በኋላ ነው። እርሷ ግን ከዓለምጌጥ አፍ ቀድማ ሰምታ፣ በርበሬና ሽሮ የማከማችባትን ክፍል ባዶ አድርጋ፣ ጆንያዎቼን በረንዳ ላይ አውጥታቸው ነበር።

ቅሬታዬ በዚሁ ያበቃል። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልሻገር።

ክቡር ሆይ፣ ከቢሮዎ የተማርኩት ትልቅ ትምህርት ማንኛውም ቤት በትክክል ከተጻፈ የሚያስቀና መሆኑን ነው። ስለዚህ የእርስዎን አሠራር ተከትዬ የቤቴን የኢኮኖሚና የሕዝብ ገጽታ እንደሚከተለው አዘጋጅቻለሁ። የነዋሪው ብዛት ከእጥፍ በላይ አድጓል፤ በአሜሪካ ይህን የሚስተካከል ዕድገት ያለው ሰፈር መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሴት ልጅ በሰላም ተወልዳ ኤልዳና ተብላለች፤ በዚህም ምክንያት የቤቱ አማካይ ዕድሜ በአንድ ጊዜ አሽቆልቁሎ ወጣትና ተስፋ ያለን ሕዝብ ሆነናል። ሥራ አጥ የለም፤ ትልቋ ቀጣሪ ኤልዳና ስትሆን አራታችንንም ያለ ደመወዝ በሦስት ፈረቃ ታሠራናለች። ባዶ ቤት የለም። ከሶፋ እስከ መታጠቢያ ቤት ለመድረስ ሰልፉ ጭምር በአማካይ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚህ ከእናንተ እኩል ነን። ልማታችን በሽግግር ላይ ነው። ሽፋኑ ላይ የምትስቅ ላም ባይኖረንም ገመቹ አለ፤ የፈረደውን ፍርድ ባስታወስነው ቁጥር ከሱቁ ደንበኛ ሁሉ በላይ የሚስቀው እርሱ ነው።

ሱቄንም በዚያው በተሰቀለው ኪራይ መልሼ ተዋውያለሁ። ቢያንስ እዚህ ደንበኛዬ ሲርበው በሩን ራሱ ከፍቶ ይመጣል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው እትም ከስድስት መቶዎቹ ቁጥር አጠገብ፣ ከላሚቱ በጣም ያነሰ ቦታ በምትይዝ አንዲት መስመር፣ እነዚህ ሰዎች ወደዚህ የመጡት መርጠው አለመሆኑን ይጻፉ። ሌላ ነጋዴ ከሩቅ ነድቶ እንዳይመጣ፣ ሌላም ነፍሰ ጡር ቤቷን እንዳትለቅ ይጠቅማል።

ውለታዎን ዘወትር የማስታውስ፣ ስለ ካውንቲዎ መልካም ስም ያለ ክፍያ የማስተዋውቅ፣ በቫኔ ውስጥ እስከ ዛሬ የበርበሬ ሽታ ያልለቀቀኝ፣

ታዛዥዎ
ከፍያለው
የኤልዳና ሠራተኛ
ኧርቪንግ፣ ቴክሳስ
ኖቬምበር 2009

ማስታወሻ፦ በመጪው ስፕሪንግ የሕዝብ ቆጠራ መኖሩን ሰምተናል። ሰው የሚቆጠረው በሚያድርበት ነው ከተባለ፣ ኤልዳና ሌሊት የሚባል ነገር ስለማታውቅ እኛም አናድርም፤ በዚህ ደንብ ቤታችን ሰው የለበትም ማለት ነው። እኛን የሚቆጥር ሰው ከጠፋ ሳያፍሩ ከእርስዎው ጋር ይደምሩን። ወጥቶ አይሆንም ማለት የማይችልን ሰው መደመር ልምዱ አለዎት።