ጉሮሮው የእኔ ነው

ዓለሜ ሞላ፣

ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ፤ ገብሱ ለአጨዳ ደርሷል። ስጽፍ ብታየኝ ሳትስቅብኝ አትቀርም። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለየሁልህ፤ እጄ ግን አሁንም እንደ አዲስ ጥጃ ይንገዳገዳል።

ቤቱ ደህና ነው። ያፈስ የነበረው ክዳን ተጠግኗል፤ ላማችን ቡሬም ወለደች። መሲንቆህ ከምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ አለ ልልህ ነበር፤ የለም፣ ልጅህ የሺ አውርዳዋለች። ሴት ልጅ መሲንቆ ስትይዝ ጎረቤት ዝም እንደማይል ታውቃለህ። “ነገ ደግሞ ጢም ታበቅልልሻለች” አሉኝ። ታብቅላ!

ያን ስብሰባ ሁሌ አስበዋለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከወረዳ የመጣ ግጥም አንብቦ “ተቀበል!” አለህ። አዝማሪ የተሰጠውን ግጥም ተቀብሎ ማዜሙ ወግ ነው፤ በየሠርጉ የሰካራሙን ሁሉ ስትቀበል ኖረሃል። ያን ቀን ግን ደጋንህን ጭንህ ላይ አስተኝተህ፣ ቀስ ብለህ፣

ጉሮሮው የእኔ ነው፣ ቃሉም ከእኔ ይውጣ፤
የሰው አፍ አልሆንም፣ የመጣው ቢመጣ

አልካቸው። የመጣውም መጣ። አንድ ክረምት ታሰርህ፤ ስትፈታ ያ ሳል አብሮህ ገባ፤ እሱው ነጠቀኝ።

አሁን ደግሞ የሺን ለማኅበሩ የኪነት ቡድን ፈለጓት። ባለፈው እሑድ ያው ሊቀመንበር በሕዝብ ፊት አስነሥቶ፣ ያንኑ ዓይነት ግጥም ወርውሮ፣ “ተቀበይ፣ የሞላ ልጅ!” አላት። ያንተን ትደግማለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ልስማውም አምሮኝ ነበር። እሷ ግን ያንተንም አልተቀበለች። መሲንቆውን ገዝገዝ አድርጋ፣

ለአጨዳው ጥሩኝ፣ ማጭድ ይዤ አለሁ፤
ጉሮሮዬን ግና ለራሴ እሻለሁ

አለችልህ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ብቻ “አበጀሽ!” አሉና ራሳቸው ደንግጠው በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ሞላዬ፣ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ያንተን ብትደግመው ኖሮ አንተ ራስህ ትቆጣት ነበር።

ማክሰኞ እኔ ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተጠርቻለሁ። ልጅሽን ምከሪ፣ መሲንቆውንም አስረክቢ ነው መልእክቱ። እሄዳለሁ፤ መሲንቆው ግን ከቤት አይወጣም፤ የሺንም ዝም በይ አልላትም። ቢያስቀሩኝ እህቴ ቡሬን ታልባለች፣ የሺ ስንቅ ታመላልሳለች። ተነጋግረን ጨርሰናል።

አንተን ላለመርሳት ግጥምህን እንደ ዳዊት የምደግም ይመስለኝ ነበር። አልደግምም። ሥራ ላይ ሆኜ፣ ውኃ ስቀዳ፣ በዚህ በጎርናና ድምፄ የራሴን እገጥማለሁ፤ በገጠምሁ ቁጥር አጠገቤ ነህ። ለማክሰኞም አንዱ ስንኝ ደርሷል። ሁለተኛውን ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ እስክደርስ አገኘዋለሁ።

ያንተው ሙሉ