ከአቶ ላምቤቦ ዓይን የተቀዳችው ውሃ

ሰኞ

ሁለቴ ለካሁት፤ ሁለቴም ያው። የአቶ ላምቤቦ ቁጥር ጣሪያ ነክቷል።

ዶክተሯ ዛሬ ጠዋት በቀጭን መርፌ ከዓይናቸው ውስጥ የቀዳችው ውሃ የእንባ ዘለላ አያህልም። ላብራቶሪ ውስጥ እኔ በዚያች ውሃ የብግነት ምልክቶችን እለካለሁ። ዓይኑ ከውስጥ ተቆጥቶ ከሆነ ቁጥሩ ይናገራል። ዶክተሯ በመብራት ስታያቸው ግን ረጋ ያለ ዓይን ነው። ሐሙስ የሞራ ኦፕራሲዮን አላቸው። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀራቸው ይኸው ቀኙ ብቻ ነው።

ማን ተሳሳተ? እሷ ወይስ እኔ?

ማክሰኞ

ቱቦ ተለዋውጦብኝ ይሆን? መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ሞቆ ይሆን? እጄ ከብዶ ይሆን? ሁሉንም ፈተሽኩ። የሌሎቹ ሕመምተኞች ውጤት ደህና ነው። የቀረችውን ጭላጭ ለካሁ። እግዚኦ! አልወረደም።

ብናገርና ስህተቱ የእኔ ቢሆን፣ ሰውየው በከንቱ ሊመለሱ ነው። ዝም ብልና ዓይኑ እንደተቆጣ ቢቀደድ፣ የቀረቻቸውንም ዓይን ሊያጡ ነው። በመጨረሻ ለዶክተሯ ነገርኳት። «ለብግነቱ ለወር ያዘዝኩላቸውን ጠብታ በትክክል አድርገዋል? እስቲ አንቺ ጠይቂልኝ» አለችኝ።

ረቡዕ

በአማርኛ ስጠይቃቸው «በሰዓቱ ነው የማደርገው» ብለው ዘጉኝ። በአፍ መፍቻቸው በሀድይኛ ስመጣባቸው ሳቁ። ጠብታው መቼ አለቀ? «ኧረ እሱማ በሳምንቱ!»

የወር መድኃኒት! ለካ ዓይኑ የቀላ ጎረቤት ሁሉ በር እያንኳኳ ሲካፈል ነበር። «የሰው ዓይን እየነደደ ብልቃጥ ደብቄ ልቀመጥ? ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ልጄ?»

ተናደድኩ። ሳቄም መጣ። ከሁሉም በላይ ግን ደስ አለኝ፤ ቁጥሬ ልክ ነበራ! ወዲያው ደግሞ በደስታዬ አፈርኩ።

ሐሙስ

ኦፕራሲዮኑ ቀረ። ዓይኑ ሦስት ወር ሳይቆጣ መክረም አለበት።

አቶ ላምቤቦ በቤተ ክርስቲያናቸው ቃሉን የሚያነቡት እሳቸው ነበሩ። «ያቺን ውሃ ባትለኪ ዛሬ ይሠራልኝ ነበር» ብለው አኮረፉኝ። እኔን! አልዋሹም።

ዶክተሯ አዲስ ጠብታ ስትሰጣቸው «ያለ ሐኪም ሌላ ሰው ላይ ካደረጉት ዓይን ያጠፋል» አለቻቸው። ፊታቸው ጥቁር አለ። ደህና ዋሉ እንኳ ሳይሉ ወጡ።

ዓርብ

ገና በጠዋቱ ከሌሞ ገጠር የመጣ የፈረስ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። አቶ ላምቤቦ አራት ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው ገቡ። «ጠብታውን ያደረግኩባቸው እነዚህ ናቸው። እዩልኝ።»

ሦስቱ ደህና ናቸው፤ ተራ የዓይን ሕመም ነው። አራተኛዋ የልጅ እናት ናት። ዶክተሯ እሷን ስታይ ቆየች። «ጠብታው የዓይንሽን ግፊት ጨምሮታል። ደግነቱ በጊዜ መጥተሻል» አለቻት። አቶ ላምቤቦ አግዳሚው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። አንጀቴን በሉት።

ለሁሉም የየራሳቸው መድኃኒት ታዘዘላቸው። ጋሪው ሊነሳ ሲል አቶ ላምቤቦ ወደ እኔ መጡና እጄን ያዙኝ። «ሦስት ወሩ ሲሞላ ያቺን ውሃ ለኪልኝ፣ ልጄ። አንቺ ሳትለኪ ማንም እንዳይነካኝ።»

ቁጥሩ ይወርድ ይሆን? እንጃ።