ሁለት መቶኛው ጨዋታ

በመካነ ሰላም ከተማ፣ በቤቴ በረንዳ ላይ ሲካሄድ የኖረው የገበጣ ጨዋታ ውጤት ከዛሬ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዳይቆጠር፣ እንዳይመዘገብ፣ ወደ ውጭ አገርም እንዳይላክ የከለከልሁ መሆኔን ለሚመለከተው ሁሉ በጥብቅ አስታውቃለሁ። የሚመለከተው ልጄን አስናቀውን ነው። ሌላው ሰው ይስማ ብዬ ነው።

ይህን የምናዘዘው እኔ የሺእመቤት ካሳ ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው፤ ልጄ ትህትና ሰባ ሦስት ነው ትላለች፤ መታወቂያዬ ስድሳ ስምንት ይላል። ሦስታችን ተከራክረን እስክንስማማ ሞት አይጠብቀኝም። ልቤ ደክሟል። ደሴ ያየኝ ሐኪም ደረጃ እንዳልወጣ መከረኝ፤ ቤቴ ደረጃ የለውምና ምክሩን ያለ አንዳች ችግር ፈጽሜአለሁ። አእምሮዬ ግን እንደ ጥር ሰማይ የጠራ ነው። የሚጠራጠር ካለ፣ በዚህ ክፍል ከተቀመጡት መካከል ወንፊቴን ተውሶ ሁለት ፋሲካ ያሳለፈው ማን እንደሆነ ልናገር እችላለሁ።

ቃሌን የሚጽፈው ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ ራፖር ሲጽፍ የሚውለው አለምነው ነው። እንዳያሳምርልኝ አስጠንቅቄዋለሁ። ሕጉ አራት ምስክር ይፈልጋል ስላለኝ ሦስቱ ወዲያው ተገኙ፤ የዕድራችን ዳኛ አቶ አወቀ ቢሻው፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቻለች፣ የሟች ባለቤቴ ወንድም አቶ በላይ እንዳልካቸው። አራተኛዋ ወይዘሮ ሀዲያ ይመር ናት። እሷን አስጠርቼ ነው ያመጣኋት። ሀዲያ ከአጥሬ ማዶ ትኖራለች፤ ሰባት ወር ሙሉ ግን ደጄን አልረገጠችም። ስታመም አጥሚት በሰው ላከች እንጂ እግሯ አልመጣም። ዛሬ የመጣችው የታመመ ሰው ለኑዛዜ ሲጠራ መቅረት ነውር ስለሆነ ነው። ያንን ነውር አስቤ ነው የጠራኋት። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሰላምታዋን ለግድግዳው ሰጥታለች፤ ግድግዳውም በጨዋነት ተቀብሏታል።

እንግዲህ ወደ ንብረቱ።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት ከነጓሮው ለሁለቱ ልጆቼ ለአስናቀውና ለትህትና እኩል ይሁን። በረንዳው ግን አይከፈልም፣ አይታጠርም፣ ሱቅም አይሆንም። አስናቀው ዐምና ስፋቱን በክንዱ ሲለካ በመስኮት አይቼዋለሁ።

ሁለተኛ። ለልጄ ለትህትና ሁለቱን ቢጫ ጀሪካኖች ትቻለሁ። ምክንያቱን ትጠይቃለች። ወንድሟ ከሪያድ ያመጣላት የእጅ ሰዓት እርምጃ ይቆጥራል፤ በቀን አሥር ሺህ ካልሞላ እህል አይወርድላትም። ቧንቧው ሲቋረጥ ምንጩ ሩቅ ነው ብላ ውኃ በሰው አህያ ታስመጣለች። ወደ ማምሻው ደግሞ ቁጥሩ ጎድሎ ታገኘዋለችና ግቢውን እንደ አውድማ በሬ ትዞራለች። ዶሮዎቹ ራሳቸው ዞሮባቸዋል። አንድ ቀን ምንጭ ብትወርድ ሰዓቱም ጀሪካኑም ባንድ ላይ በሞሉ ነበር። ድሮ መንገድ መሄድ የምትወድ ልጅ ነበረች፤ ዝናብ ሊመጣ ሲል እንኳ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄዳ ጭላዳ አይታ ትመለስ ነበር። አሁን ስንት እንደሄደች እንጂ ምን እንዳየች ነግራኝ አታውቅም።

አቶ በላይን በሚመለከት። አለምነው ምስክር አይወርስም ብሎኛል። አቶ በላይን ምስክር ያደረግሁት ስለዚህ ነው። ይሁንና ባዶ እጁን እንዳይሄድ ምክር እሰጠዋለሁ። በላይ ንግሥ ይቆጥራል። ዘንድሮ አርባ አንድ ደርሻለሁ ይላል። ታቦቱ ሲወጣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ታቦቱ ወደ መንበሩ ሳይመለስ እሱ ወደሚቀጥለው ደብር መኪና ይዟል። ባለፈው ሚካኤል ስብከቱ እንዴት ነበር ብዬ ብጠይቀው «አርባኛዬ ነበር» አለኝ። መልአኩም ሰምቶት ይሆናል።

ቁጥርን ጠልቼ እንዳልሆነ ግን ይታወቅልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ የፋይል ቁጥር፣ የገጽ ብዛት፤ ሳል ይዞኝ እንኳ ስንት ጊዜ እንደሳልሁ የማውቅ ሴት ነበርሁ። አንዲት መበለት ከከላላ በበቅሎ መጥታ የመሬቷ ፋይል ጠፍቷል ተብላ ስታለቅስ፣ በቁጥሩ ፈልጌ እንባዋ ሳይደርቅ አውጥቼ ሰጥቻታለሁ። ቁጥር የጠፋ ነገር መፈለጊያ ነው። ፊት ለፊትሽ የተቀመጠች ጓደኛሽን በቁጥር አትፈልጊያትም። ጡረታ በወጣሁ ቀን ከእንግዲህ ቢያንስ አንድ ነገር ሳልቆጥር እኖራለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ያ ነገር ገበጣ ሆነ።

ገበጣው ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ከወረኢሉ ገበያ የገዛው የወይራ እንጨት ነው። ከሀዲያ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተጫውተንበታል። እሷ አሱር ሰግዳ ስትጨርስ ትመጣለች፤ እኔ ጠጠሩን በየጉድጓዱ አድዬ እጠብቃታለሁ። ማን እንደሚበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። እሷ እኔ ነኝ ትላለች፤ እኔም እኔ ነኝ እላለሁ፤ ሁለታችንም አሸናፊ ሆነን ወደየቤታችን እንገባለን። እንዲህ ያለ ሚዛን በየትኛውም መሥሪያ ቤት አላየሁም።

አሁን ልጆቼ የማያውቁትን ልናገር። በእኛ ጨዋታ ጠጠር መስረቅ ነውር አልነበረም። ነውሩ መያዝ ነው። የተያዘች ጠጠሩን ትመልስና ለማንም ነግራው የማታውቀውን አንድ ነገር ትናገራለች፤ ቅጣቱ ይኸው ነው። ሀዲያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታጨችለትን ሰው ስም የሰማሁት በአንድ ጠጠር ነው። እኔ ባለቤቴን ጥዬ ወደ አጅባር የሄድሁበትን ሳምንት የነገርኋት በሁለት ጠጠር ነው፤ አንዱ ስላልበቃ። ወንድ ልጇ የሞተባት ዓመት ሀዲያ አርባ ቀን ሙሉ ሰው አላናገረችም። አንድ ቀን መጣችና ተቀመጠች፤ ሦስት ዙር እንደሄድን እጇን ዘረጋች፤ ዓይኔን እያየች፣ ሳትደብቅ፣ ጠጠር ሰረቀች። ያዝኋት። ያን ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ ስለ ልጇ አወራች።

ይህ ሁሉ ሲሆን ደብተር አልነበረም። ደብተሩ የመጣው ከአስናቀው ጋር ነው። ልጄ ሪያድ በተምር መጋዘን ስምንት ዓመት ካርቶን ሲቆጥር ኖሮ ተመለሰ። አገሩ ሲገባ የሚቆጠር አጣ። ዶሮ አምስት፣ ላም አንድ፣ ጥጃ አንድ፤ ከቁርስ በፊት ጨረሰው። ከዚያ ዓይኑ በረንዳው ላይ አረፈ። «እማዬ፣ ካልተጻፈ እኮ እንዳልተጫወታችሁ ነው» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመቴን በአንድ አረፍተ ነገር ሰረዘው። እኔ በቀይ፣ ሀዲያ በሰማያዊ እስክሪብቶ ሆንን። ቀጥሎ በስልኩ ቡድን አቋቋመ። ጂዳ ያሉት የሀዲያ ሴቶች ልጆች፣ ዱባይ ያሉት የእኔ የእህት ልጆች በየቀኑ ውጤት ይላክላቸው ጀመር። ጂዳ ለሀዲያ ሲያጨበጭብ ዱባይ ለእኔ ያጨበጭባል። ኔትወርክ የጠፋ ቀን ብቻ እንደ ቀድሟችን እንጫወት ነበር።

አንድ ቀን የሀዲያ ልጅ ደውላ «እማ፣ አብሽሪ፣ የምትበልጥሽ በስድስት ብቻ ነው» አለቻት። ሀዲያ እስከዚያች ሰዓት እንደምትበለጥ አታውቅም ነበር።

ወሬያችን ከዚያ በኋላ ነጠፈ። ስልክ በተደገነበት ማን ይሰርቃል? ስርቆቱ ሲቀር ቅጣቱ ቀረ፤ ቅጣቱ ሲቀር እንደ ሁለት ባለጉዳይ አፋችንን ዘግተን ጠጠር መዝራት ሆነ። ሀዲያ እግሯን እንደታመመች የሰማሁት ከአስቻለች ነው፤ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ። ለእውነት ስል የመጀመሪያው ወር ደስ ማለቱን አልክድም። ሰው ቁጥሩን ሲያይ ያደገ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ እኔ በበኩሌ ያንን ደብተር አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁም።

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ውጤቱ አንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ለአንድ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሆነ። አስናቀው ስልኩን በብሎኬት ላይ አቆመው፤ ጂዳም ዱባይም በቪዲዮ ገቡ። ሁለት መቶ ቀድማ ለምትሞላው ኬክ ታዟል። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ የሀዲያ እጅ ከጉልበቴ አጠገብ ጠጠር ሲያነሳ በስልኩ ታየ። ዱባይ ጮኸ። ከመካከላቸው አንዱ «ሌባ» ብሎ ጻፈ። የሀዲያ ልጆች ምንም አልጻፉም። ሀዲያ እኔን አየችኝ፤ እኔ ገበጣውን አየሁ። አስናቀው በደንቡ መሠረት ብሎ ሁለት መቶኛውን ድል ለእኔ መዘገበ። የቱ ደንብ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላሳየኝም። ሀዲያ ተነሥታ ሻሿን አስተካከለችና «በይ ይቆጠርልሽ» ብላኝ ሄደች። ኬኩን ትህትና በላችው፤ ከዚያም ግቢውን ዞረች።

ስለዚህ በዚያ ዕለት ሀዲያ ይመር ጠጠር መስረቋን በዚህ ቃሌ አረጋግጬ፣ እኔ ግን በሙሉ ልቤ ይቅር ያልኋት መሆኔን በምስክሮች ፊት አስታውቃለሁ።

ሦስተኛ። ላሟ ከነጥጃዋ ለአስናቀው ትሁን። አንድ ላም ስንት ጊዜ ቢቆጥሯት አንድ ናት፤ ቀስ በቀስ ያርፋል። ሦስቱን የውጤት ደብተሮች ግን አላወርሰውም። ለአስቻለች የቆሎ መጠቅለያ ይሁኑ ብዬ ነበር፤ አለምነው አሁንም ምስክር አይወርስም አለኝ። እንግዲያው ለምድጃው ይሁኑ፤ ምድጃው ምስክር አይደለም። ለቅሶዬ ላይ የሚመጣ ሰው እንዳይቆጠር አዝዣለሁ። አስናቀው ድንኳኑ በር ላይ እስክሪብቶ ይዞ ከታየ አቶ አወቀ በዕድሩ ሥልጣን ይቀሙት።

አራተኛ። ገበጣውን ለሀዲያ ልተውላት አስቤ ነበር። አለምነው «እቴቴ፣ ወይ ምስክር ትሁን ወይ ትውረስ፤ ሁለቱ አይሆንም» አለኝ። ገበጣውን ከመውሰዷ መምጣቷን መረጥሁ። ስለዚህ ገበጣው ለማንም አልተላለፈም፤ ከበረንዳው እንዳይነሣ።

ይህ ቃሌ ከፍ ባለ ድምፅ ተነቦልኝ የእኔ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ። አቶ አወቀ ፈረሙ። አስቻለች ፈረመች፤ ስለ ወንፊቱም ነገ አመጣዋለሁ አለች። አቶ በላይ ፈርሞ ስንተኛ ኑዛዜው እንደሆነ በጣቱ ሲቆጥር ታይቷል። የፈረሙ ምስክሮች ሦስት።

ሀዲያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ አየር ላይ ያዘችው።

«አልፈርምም» አለች ለግድግዳው።

አለምነው ምስክር የሚፈርመው ቃሉ ሲነበብ መስማቱን ለማረጋገጥ እንጂ የተባለው ሁሉ እውነት ነው ለማለት እንዳልሆነ በቀስታ አስረዳት።

«ሰማሁ እኮ። ስለሰማሁ ነው የማልፈርም።» ከዚያ ሰባት ወር ያልዞረው አንገቷ ወደ አልጋዬ ዞረ። «የሺ፣ ያላጠፋሁትን ይቅር ብለሽኝ ልትሞቺ ነው?»

አስናቀው ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። አቶ አወቀ ጣራውን ማየት ጀመሩ። አለምነው ይህንንም ልጻፈው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጻፈው አልሁት፤ ቀጥሎ የምልህንም ጻፍ፤ አሁንም አታሳምረው።

የእርምት ቃል። ከላይ በተነበበው ኑዛዜ ውስጥ ከባድ ስሕተት ስለተገኘ እንደሚከተለው እንዲስተካከል አዝዣለሁ። «ያንን ደብተር አንድ ቀን እንኳ ገልጬ አላየሁም» የተባለው «ሳላየው የዋልሁበት ቀን የለም» ተብሎ ይነበብ። «ሀዲያ ይመር ጠጠር መስረቋን» የሚለው ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ፣ «ጠጠሩን ከሀዲያ ጉድጓድ ሰርቃ ከጉልበቷ ሥር የደበቀችው ተናዛዥዋ የሺእመቤት ካሳ ስትሆን፣ ሀዲያ የራሷን ጠጠር መልሳ ስትወስድ በስልኩ ታይታለች፤ ተናዛዥዋም ሁለት መቶ ለመሙላት ስትል ዝም ብላለች» በሚል ይተካ። «ይቅር ያልኋት መሆኔን» የሚለው «ይቅር እንድትለኝ የለመንኋት መሆኔን» ተብሎ ይታረም። ይህ እርምት ዛሬውኑ፣ በአስናቀው እጅ፣ ወደ ጂዳና ወደ ዱባይ ይላክ። ሁለት መቶኛው ጨዋታ እንዳልተካሄደ ይቆጠር። ከፍ ሲል «የፈረሙ ምስክሮች ሦስት» የተባለውም «አራት» ተብሎ ተስተካክሏል።