ስልክህ ውስጥ የቀሩት ላሞች

ይቤ ዓለሜ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልሱን ከየት አገኘዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሦስት ቀን ብቻ ታመህ ከተለየኸኝ ዛሬ ዘጠኝ ወር ከሳምንት ሆነ። ደምበጫ የነሐሴ ጭቃዋን ለብሳለች። ሞተርህ በረንዳው ላይ ሸራ እንደለበሰች ቆማለች፤ ሽጫት እያሉ የሚወተውቱኝን እስካሁን እሺ አላልኳቸውም።

ልነግርህ የተቀመጥኩት ግን ስለ ስልክህ ነው። ላም ባዳቀልክ ቁጥር የባለቤቱን ስም፣ የላሟን መልክና የምትወልድበትን ቀን ስልክህ ላይ ትመዘግብ ነበር። ቀኑ ሲቃረብ ይጮህልሃል፣ ለገበሬው ትደውላለህ፣ ሞተርህን አስነስተህ እብስ ትላለህ። እኔም ከሚስትህ ይልቅ ላም ታስባለህ እያልኩ እነዘንዝህ ነበር። ነይ ላሳይሽ፣ ቀላል ነው ስትለኝ፣ ለእኔ ስልክ ማንሻዋ አረንጓዴ ምልክት ትበቃኛለች ብዬ እሄድብሃለሁ። ምናለ ያኔ አጠገብህ ቁጭ ብዬ በነበር!

በተቀበርክ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቶ ሳለ ስልክህ ጮኸ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንተ የደወልክ መስሎኝ አቤት እያልኩ ሮጥኩ። «የአያ ፈንታ ቀይ ላም። በዚህ ሳምንት ትወልዳለች። ጥጃው ትልቅ ይሆናል፤ ብቻዋን እንዳይተዋት» ይላል። ሞተህም ላም ታስባለህ ብዬ ተናደድኩብህ። መስታወቱ ላይ ከሚመጡት ሁለት ቃላት የግራውን፣ የሚያጠፋውን፣ ነካሁና ዝም አሰኘሁት።

ከቀናት በኋላ አያ ፈንታ ሊያጽናናኝ መጣ። ላሟ ብቻዋን ስታምጥ ውላ ጥጃው መሞቱን ነገረኝ። ይበልጣል ቢኖር ቀድሞ ይደውልልኝ ነበር ብሎ ተከዘ። ስልኩ መቀነቴ ውስጥ ነበር። መቀነቴን አጥብቄ ቡና ላፈላ ተነሳሁ።

ከዚያ ወዲያ ነው መማር የጀመርኩት። ሌላ ላም በእኔ ጣት እንዳትጎዳ ብዬ ፈራሁ። መጀመሪያ የራሴን ጉዳይ እያስገባሁ ተለማመድኩ፤ በርበሬ ማስፈጨት፣ የዕድር ስብሰባ። ዕድሩ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፣ እኔም ዘጠኝ ብዬ ሞላሁ። ስልክህ በፈረንጅ ሰዓት እንደሚቆጥር ማን ነግሮኝ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቅዳሴ መሀል አምባረቀ። ዲያቆኑ ያየኝን አስተያየት ብታይ ለሳምንት ትስቅብኝ ነበር።

ለጥምቀት ሰሞን ለአያ ፈንታ ተናዘዝኩለት። ጋቢውን ሰብሰብ አደረገና «እንግዲህ ደብሬ፣ የኔስ አለፈ። የሌላውን ንገሪ» አለኝ። እኔም መደወል ጀመርኩ። በአንተ ቁጥር ስደውል የመጀመሪያዎቹ ደንግጠው ዘጉብኝ፤ አንዷማ አማትባ ነው ያነሳችው። ቀስ በቀስ ለመዱ። አሁን በቦታህ የተተካችው ባለሙያ ያዳቀለቻቸውን ላሞች እየነገረችኝ እመዘግብላታለሁ። አንተ ለገበሬዎቹ ታሳያቸው የነበረውን የምጥ ቪዲዮም ደጋግሜ አየሁት። ድምፅህ አለበት። ላሟ ስታምጥ ብቻ ጎትቱ፣ ወደ ታች ነው፣ አትቸኩሉ ትላለህ። መጀመሪያ ላይ ከድምፅህ በቀር የሰማሁት ነገር አልነበረም።

የፈራሁት ግን ሌላ ነበር። ያንተ ላሞች አንድ በአንድ እየወለዱ ሲያልቁ፣ አንተ የጻፍከው ነገር ዳግመኛ ላይጮህ ነው። ወደ ፊት ገልጬ እንዳላይ ራሴን ከለከልኩ። ሰኞ ዕለት የመጨረሻዋ መጣች። ከመታመምህ በፊት በነበረው ቀን የጻፍካት ናት። «የቤታችን ቦራ። ደብሬ ትጎትታለች፣ እኔ ቆሜ አያለሁ» ትላለች።

አንተ ሰው፣ ለካ ልታስተምረኝ ቀን ቆርጠህልኝ ነበር።

ትናንት ረፋዱ ላይ ቦራ ላማችን አማጠች። ባለሙያዋ ሩቅ ቀበሌ ነበረች፣ ጎረቤትም እርሻ ወጥቷል። እጄን ታጥቤ ገባሁ። የጥጃው የፊት እግሮች ሲወጡ ያዝኳቸው። አትቸኩሉ ያልከውን እያልኩ፣ ስታምጥ እየሳብኩ፣ ስታርፍ እያረፍኩ አወጣሁት። ወንድ ጥጃ ነው፣ ግንባሩ እንደ እናቱ ነጭ። ዞር ብዬ ወደ በሩ አየሁ። ቆመህ የምታይበት ቦታ ባዶ ነበር፣ እዚያው ጭድ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ናፍቀኸኛል ይቤ። ዛሬ እንገሩን አፍልቼ ለጎረቤት ሳዳርስ እንኳ ያንተን ድርሻ ቀንሼ ነው፤ ማን እንደሚጠጣው እንጃ።

ያቺን ጽሑፍህን ግን የግራውን አልነካሁባትም። በየዓመቱ ተመልሳ እንድትጮህ አድርጌያታለሁ፤ አደራረጉን አሁን አውቀዋለሁ። ስልኩ ቢያረጅ ወደ ሌላ አዛውራታለሁ፣ እሱንም እማራለሁ። በየነሐሴው ትጠራኛለህ፣ እኔም ሥራዬን ጥዬ አቤት እላለሁ።

ያንተው ደብሬ